ፀሐይን የምትጠነቀቀው ልብስ ሰፊ

የመካነ ኢየሱሷ ልብስ ሰፊ አዜብ ይስማው ሠላሳ አንድ ዓመት ሞላት። ለዚህ ዕድሜ ትበቃለች ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም።

የተወለደችው ከከተማው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ በሚገኝ የእስቴ መንደር ነው። ገና ዳዴ ስትል ፀሐይ የነካው ቆዳዋ ሁሉ ይቆጣ፣ ውሎ ሲያድርም የኑግ ፍሬ የመሰለ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣ ነበር። ታላቅ ወንድሟ ቢሆነኝ እንዲሁ ጀምሮት፣ ፊቱ ላይ የወጣው ቁስል ሳይድን በዘጠኝ ዓመቱ ሞቷል። ጎረቤቱ እርግማን ነው አለ። አባቷ አቶ ይስማው ግን ሁለተኛ ልጅ መቅበር አልፈለጉም። የገብሱን አጨዳ ለወንድማቸው ትተው፣ የአምስት ዓመት ልጃቸውን በነጠላ ሸፍነው ባሕር ዳር ወሰዷት።

የቆዳ ሐኪሟ ዶክተር ፀደይ ልጅቷን አገላብጣ አየቻት።

«አቶ ይስማው፣ ፀሐይ የሁላችንንም ዘረ-መል በየቀኑ ትጎዳለች» አለቻቸው። «ሰውነታችን ግን የተበላሸውን ይጠግናል። የአዜብ ሰውነት ይህን ጥገና አይችልም። ጉዳቱ ሲጠራቀም ሴሉ ሥርዓቱን ይስትና ካንሰር ይሆናል።»

«እርግማን አይደለም?»

«አይደለም። ከእርስዎም ከእናቷም የወረሰችው ነው፤ ማንም አላጠፋም። በሽታውን ማጥፋት አልችልም። ከፀሐይ ከጠበቅናት፣ የሚወጣባትንም ሳይሰፋ ከቆረጥነው ግን ትኖራለች።»

አቶ ይስማው ተመልሰው የቤታቸውን መስኮት ጋረዱ። ርዕሰ መምህሩን ለምነውም ከብርሃን የራቀ መቀመጫ አሰጧት። ልጆቹ «ጨለማ ወዳጅ» ቢሏትም አሥረኛ ክፍልን ጨረሰች፤ ከዚያ ስፌት ተማረች። ከፀሐይ የሚሸፍናት፣ ለእሷ የሚሆን ልብስ ገበያ ላይ አይገኝማ!

እሑድ እሑድ መስታወት ይዛ ፊቷንና አንገቷን ትመረምራለች። እንዲህ እያደረገች የወጣባትን እባጭ ሳይሰፋ ሦስት ጊዜ አስቆርጣለች። ባለፈው መስከረም ደግሞ ከግራ ዓይኗ ሥር ምስር የምታህል እባጭ አገኘች። የከተማው ጤና ጣቢያ ባለሙያ አይቶ «ትንሽ ናት፤ ከዓመት በኋላ እንያት» አላት።

«የእኔ ሴል ዓመት አይጠብቅም» አለችው። «ወደ ባሕር ዳር ሪፈር ካልጻፍክልኝ ከዚህ ወንበር አልነሣም።»

ጻፈላት።

ባሕር ዳር ላይ እባጩ ተቆርጦ ተመረመረ፤ ካንሰር ነበር። ውጤቱን የነገረቻት ያችው ዶክተር ፀደይ ናት፤ አሁን ፀጉሯ ሸብቷል።

«የቆረጥነው ሥጋ ዳር ዳሩ ከካንሰር ንጹሕ ነው። ሙሉ በሙሉ ወጥቷል፤ ዓይንሽም ተርፏል። ትንሽ ብትዘገዪ ኖሮ ይህን አልነግርሽም ነበር።»

አዜብ እዚያው ቆማ ስልኳን አወጣች።

«አባዬ፣ አሸነፍኩት!»

አቶ ይስማው «እሰይ! እሰይ ልጄ!» እያሉ ጎረቤቱን ሲጠሩ፣ የሴቶቹም እልልታ ሲከተል በስልኩ ተሰማት።

በሳምንቱ ተመልሳ የስፌት ሱቋን ከፈተች። ዛሬ የስፌት መኪናዋ ላይ ያለው ነጭ ጨርቅ የራሷ የሠርግ ቀሚስ ነው፤ ጥር ላይ መምህር ሚካኤልን ታገባለች። አጃቢዎቹ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እንዲመጡ ነግራዋለች። እሱም «እስኪነጋ እንጨፍራለና!» ብሏታል።