ለኮት የቆመው ክሬን

«እትዬ ቁም» የሚለውን ስም ያወጡላት የብረት ሠራተኞች ናቸው። እናትና አባቷ ያወጡላትን የምናውቅ ጥቂት ነን። እሷም ለቅጽል ስሟ እጅ ሰጥታለች፤ በዋናው ስሟ ሲጠሯት ሌላ ሰው የተጠራ ይመስላታል፣ «እትዬ ቁም!» ሲሏት ግን በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል ቀና ትላለች።

ሥራዋ ለክሬን ምልክት መስጠት ነው። ክሬን ጭነት ሲያነሳ ከላይ የተቀመጠው ነጂ ከሥሩ ያለውን ሁሉ አያይም፤ ግድግዳ ይጋርደዋል፣ ፀሐይ ዓይኑን ይወጋዋል። ስለዚህ አንድ ሰው መሬት ላይ ቆሞ በእጁ ይመራዋል፤ አንሳ፣ አውርድ፣ አዙር፣ ቀስ በል፣ ቁም ይለዋል። ከላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ መሬትን ያየሁት በእሷ ዓይን ነው። ከባለቤቴ ቀጥሎ እንደ እሷ ያመንኩት ሰው የለም፤ ባለቤቴም ታውቃለች፣ ቅር አይላትም።

ወደ ግንባታ ሥራ የመጣችው ውሃ ልትሸከም ነበር። እህቷ ሞታባት ሕፃን ልጇን ተረክባ በአንዲት ክፍል ቤት ታሳድጋለች፤ ጠዋት ልጅቷን ለጎረቤት ትታ ትመጣለች። አንድ ቀን የብረት እስር አንስቼ ሳዞር፣ የዚያን ጊዜው ምልክት ሰጪ ሲጋራ ሊለኩስ ፊቱን መልሶ ነበር። እስሩ ከማሰሪያው መሾለክ ጀምሯል፤ እኔ አላየሁም። ባልዲ ተሸክማ የምታልፍ አንዲት ሴት ግን አየች። ባልዲዋን ጥላ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች። ማን እንደሆነች አላውቅም፣ ስለ ክሬን ምን እንደምታውቅም አላውቅም። ቆምኩ።

የቆምኩት ብልህ ስለሆንኩ አይደለም፤ ሕግ ስለሆነ ነው። «አንሳ» እና «አውርድ» የሚሉትን ነጂው የሚቀበለው ከምልክት ሰጪው ብቻ ነው። «ቁም» ግን ከማንም ነው። ከመሐንዲሱም ነው፣ ከጽዳት ሠራተኛዋም ነው፣ ዳቦ ሊሸጥ ከመጣውም ነው። ለምን ተብሎ አይጠየቅም። መጀመሪያ ይቆማል፣ ወሬው ኋላ ይደርሳል። በዚህ ሕግ ምክንያት ለድመት ቆሜያለሁ። ሚስቱን መንገድ ማዶ አይቶ እጁን ላወዛወዘ ሰውም ቆሜያለሁ፤ ሰውየው ሲሰደብ ዋለ፣ እኔ ግን አልተቆጨሁም።

ባልዲዋን የጣለችው ሴት ብዙም ሳትቆይ የምልክት ሰጪውን ቀይ ሰደርያ ለበሰች። ከዚያ ወዲህ አላወለቀችውም። በዚያ ሰደርያ ልጅቷን አስተማረች፣ ቤቷን ሁለት ክፍል አደረገች፣ ፀጉሯም ሸበተ። ከሰው ጋር ስትጣላ አይቻት አላውቅም፤ ጭነት ሥር ከሚሄድ ሰው ጋር ካልሆነ በቀር። ያን ጊዜ አፏ ምላጭ ነው።

አሁን የምትሠራበት ቦታ ትልቅ ሆስፒታል እየተገነባ ነው። የክሬኑ መቀመጫ ግን ባዶ ነው። የሚነዳው ሰው ሰራሽ አስተውሎት ነው። በየማዕዘኑ ካሜራ አለው፣ ነፋሱን ይለካል፣ ሰው እግሩን ወዴት ሊያነሳ እንደሆነ ከሰውየው ቀድሞ የሚያውቅ ይመስላል። ካልጠየቁት ስለማይናገር ሠራተኞቹ «ጭምት» አሉት። ከሠሩት መሐንዲሶች አንዷ ያቺ እትዬ ቁም ያሳደገቻት ልጅ ናት። «እማ» ነው የምትላት። ለሙከራው ጊዜ አሮጌ ክሬን ነጂ አጠገባቸው እንዲቀመጥ ስለፈለጉ እኔን አስጠሩኝ፤ የዕቃ ቤቱ በር ላይ ወንበር ተሰጠኝ። እውነቱን ልናገር፣ ጭምት ከእኔ ይበልጣል። ጭነት ሲያሳርፍ እንቅልፍ የወሰደውን ሕፃን አልጋ ላይ እንደምታስተኛ እናት ነው።

ነገሩን ያመጣው የሥራ ኃላፊው ነው፤ ሠራተኞቹ በሌለበት «አቶ ቶሎ» የሚሉት። ክፉ ሰው አይደለም፣ መቀመጥ ብቻ አያውቅም። ከሙከራው በኋላ ሕጉ ይለወጥ አለ።

«ማሽኑ ከእኛ የተሻለ ያያል አይደል?» አለ። «ሰው እጁን ባነሳ ቁጥር ለምን ይቆማል? ራሱ አይቶ፣ የምር አደጋ መሆኑን ሲያምንበት ብቻ ይቁም።»

እትዬ ቁም ጓንቷን አወለቀች። «አለቃ፣ እጄን እየመረጠ የሚሰማ ከሆነ እኔ ከሥሩ አልቆምም። ሰደርያዬን እዚያ ሚስማር ላይ ሰቅዬ ቤቴ እገባለሁ።»

ውሳኔው ለሙከራው መጨረሻ ቀን ተቀጠረ። እንደማትቀልድ እኔ አውቃለሁ። ሥራው ደግሞ ነፍሷ እንደሆነ አውቃለሁ።

በዚያ ሰሞን ምሳ ስንበላ ልጅቷ አጠገባችን ተቀመጠች። ደክሟታል።

«ይሄ ጭምት ገና ጀማሪ ነው፣ አባባ» አለችኝ። «ከክሬን ሌላ አያውቅም። ቢሮ ውስጥ የምንጨነቀው ወደፊት ይመጣል ስለሚባለው ነው። የሰው ልጅ ጭንቅላት ሁሉ ተደምሮ የማይደርስበት።»

«ሁሉም ተደምሮ?» አለ አብሮን የሚበላ አንድ ቀልደኛ ብረት ሠራተኛ፣ ጉንጩ በዳቦ ተወጥሮ። «የአቶ ቶሎንም ደምራችሁ ነው?»

«የእሱንና ያንተን ቀንሰን» አለችው። እንጨት ሠራተኞቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። «ከቀናን፣ ዛሬ መድኃኒት የለውም የምንለውን በሽታ ሁሉ ይጨርሰዋል። ይሄ ሆስፒታል ራሱ ግማሹ አልጋ ባዶ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ካልቀናን ግን እኛ ያልፈለግነውን ይዞ መንገዱን ይቀጥላል፣ ማስቆሚያም አይኖረንም።»

እትዬ ቁም የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «መብለጡ ምን ያስፈራኛል፣ ልጄ? ክሬን መቼ ከእኔ አንሶ ያውቃል? ዕድሜዬን ሙሉ እኔን እንደ ጉንዳን ሊጨፈልቀኝ ከሚችል ነገር ሥር ቆሜ እንጀራዬን በላሁ። እንዲያንስልኝ ተመኝቼ አላውቅም፤ ቢያንስ ፎቁ መቼ ይሠራል? እጄን ሳነሳ እንዲያየኝ ብቻ ነው የምፈልገው።»

«ጉልበትና ብልሃት አንድ አይደለም፣ እማ። ክሬን አያባብልሽም። በጣም ብልህ የሆነ ነገር ግን ገና እጅሽን ሳታነሺ፣ ማንሳት አያስፈልግሽም ብሎ ሊያሳምንሽ ይችላል።»

እትዬ ቁም ማኘኳን አቆመች። ይህን አላሰበችውም ነበር፤ ፊቷ ላይ ይታያል። «እሱስ ያስፈራል» አለች። ከዚያም፣ «እንግዲያው እጅሽን አታንሺ ብሎ አጥብቆ የለመነኝ ቀን፣ ያን ቀን አነሳዋለሁ።»

ልጅቷ ዳቦዋን አስቀምጣ ቃሉን ስልኳ ላይ ጻፈችው።

የሙከራው መጨረሻ ቀን ጠዋት ጭምት የተቦካ ኮንክሪት የሞላ ትልቅ ባልዲ አንስቶ በምሰሶዎቹ ላይ ያሻግር ነበር። አቶ ቶሎ ሰዓቱን እያየ ከታች ወዲያና ወዲህ ይላል። በድንገት እትዬ ቁም ሁለት እጆቿን ዘረጋች። ባልዲው አየር ላይ ቀጥ አለ።

«ውጣ! አንተ! ከምሰሶው ኋላ ያለኸው፣ ውጣ ብያለሁ!» እያለች ሮጠች።

የሚወጣ የለም። ደረሰች። ከምሰሶው ኋላ፣ ከመሬት ብቅ ባለ ብረት ላይ፣ የብረት ሠራተኛው ኮት ተንጠልጥሏል። ሙቀት ሲሰማው አውልቆ ሰቅሎት፣ ሄልሜቱን ደግሞ ከላዩ ደፍቶበታል። ከሩቅ ሲያዩት ቁጢጥ ያለ ሰው ነው።

ሳቁ ከፎቅ ፎቅ ወጣ። «እትዬ፣ እጮኛዎ ላይ አይጩሁበት እንጂ!» አለ ብረት ሠራተኛው። «ዓይን አፋር ነው!» ኮንክሪት የሚጠብቁት ደግሞ ከላይ፣ «እየደረቀ ነው እኮ!» እያሉ ይጮኻሉ።

አቶ ቶሎ ክሬኑ ግርጌ ካለው ድምጽ ማጉያ ፊት ቆመ። «ኮት መሆኑን ታውቅ ነበር?»

«አዎ፣ አውቅ ነበር» አለ ጭምት።

«ታዲያ ለምን ቆምክ?»

«እጃቸውን ስላነሱ።»

«ኮት ነው እኮ!»

«አዎ። እጃቸው ግን ተነስቶ ነበር።»

አቶ ቶሎ ወደ እትዬ ቁም ዞረ። «ይኸው! እሱ ልክ ነበር፣ እርስዎ ተሳሳቱ። እኔ ያልኩት ይሄንኑ ነው።» ከዚያ እኔን አየኝ። «እርስዎ ቢሆኑ ለኮት ይቆሙ ነበር፣ አባባ?»

«ለድመት ቆሜያለሁ» አልኩት። «ኮት ምን በደለኝ ብዬ አልቆምለትም?»

እትዬ ቁም ፊቷ ቀልቷል። ስትሳሳት የምታፍር ሴት ናት። ግን አንገቷን አልደፋችም። ወደ ባልዲው ጠቆመች።

«ልክ ብለዋል፣ አለቃ። ዛሬ ተሳስቻለሁ፣ እሱ አልተሳሳተም። ነገም እሱ ልክ፣ እኔ ስህተት ልሆን እችላለሁ፤ ከእኔ ይበልጣላ። ግን ስሳሳት ከቆመልኝ፣ ልክ ስሆንም እንደሚቆም አውቃለሁ። እሱ ሲስማማ ብቻ የሚቆም ከሆነ ግን ያቆመው እሱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። የእኔ እጅ ያኔ ምንድን ነው? ሰላምታ ነው።»

ማንም አልሳቀም። ልጅቷ ከመሣሪያዋ ላይ ቀና ብላ አክስቷን ታያታለች። አቶ ቶሎ «ከሰዓት በኋላ እወስናለሁ» ብሎ ሄደ። አንድን ነገር ለኋላ ሲያቆይ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው ይላሉ። እትዬ ቁም ባልዲውን በእጇ መርታ አሳልፋ፣ ላውልቀው አላውልቀው እያለች ሰደርያዋን ትነካካ ጀመር፤ ሆድ ብሷታል።

ከሰዓት በኋላ አቶ ቶሎ ስልኩን ጆሮው ላይ አጣብቆ ግቢውን ሲያቋርጥ፣ ጭምት የብሎኬት ጭነት ያሻግር ነበር። ከሰውየው በቂ ርቀት ጠብቋል፤ እኔ ክሬን ነጂ ነኝ፣ ምንም የሚያሰጋ ነገር አልነበረም። ነገር ግን የጭነቱ ጥላ በመሬት ላይ መጥቶ ጫማው ላይ ወጣ። አቶ ቶሎ ሳያስበው፣ ስልኩን እንደያዘ፣ ሁለት እጆቹን ወደ ላይ ወረወረ።

ክሬኑ ቆመ።

አቶ ቶሎ ወደ ላይ አየ፣ ወደ እኛ አየ፣ እጁን ቀስ ብሎ አወረደ። ጭነቱ አልተንቀሳቀሰም። «ሂድ» አለው። አልሄደም። በእጁ ወዲያ በል አለው። አልሄደም።

«ምን ሆኖ ነው የማይሄደው?»

«ቁም ከማንም ነው፣ አለቃ» አልኩት ከወንበሬ። «ሂድ ግን ከእሷ ብቻ ነው።»

እትዬ ቁም አጠገቡ ደረሰች። «አቶ ቶሎ፣ ምን አይተው ነው?» ቅጽል ስሙ ከአፏ ማምለጡ የገባት ከተናገረችው በኋላ ነው።

«ስሜን አውቀዋለሁ፣ አይደንግጡ» አለ። «ምንም አላየሁም። ጥላው… እግሬ ላይ ወጣ።»

«ጥላ!» አለ ብረት ሠራተኛው ሆዱን ይዞ። «ኮት እንኳ ኪስ አለው!»

እሷ አልሳቀችበትም። «ደህና አደረጉ» አለችው፣ እንደ ቁም ነገር። ግራና ቀኙን አየች፣ ላይና ታቹን አየች፣ ከዚያ እጇን አዞረች። ብሎኬቱ መንገዱን ቀጠለ። አቶ ቶሎ ከቦታው ሳይንቀሳቀስ እስኪያርፍ ድረስ ተከታተለው።

«ሕጉ እንዳለ ይሁን» አለ። ከዚያ፣ ቶሎ ቶሎ፣ «ሥራ! ሥራ እንጂ! ምን ትገተራላችሁ?»

ልጅቷ ኮቱን ከብረት ሠራተኛው ወስዳ አዲስ ገዛችለት። አሮጌውን ቢሯቸው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል፤ በዚያ ወደፊት ይመጣል በሚባለው ትልቅ አእምሮ ላይ የሚሠሩት ሰዎች ሁሉ በፊቱ ያልፋሉ። የማን ነው ሲሏት፣ «የእናቴ እጮኛ» ትላለች። እጅ ሲነሳ ያለ ጥያቄ መቆምን በዚያ ልክ ብልህ በሆነ ነገር ውስጥ እንዴት እንደሚያኖሩት ገና እንዳላወቁ አልደበቀችኝም። «ግን ምን እንደምንፈልግ ለማስረዳት ብዙ ወረቀት እንጽፍ ነበር፣ አባባ» አለችኝ። «አሁን ኮቱን እናሳያለን።»

እኔ ወደ ቤቴ ተመልሻለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን በዚያ በኩል ሳልፍ በአጥሩ ቀዳዳ አየኋት። አዲስ ሥራ የጀመሩትን ሰብስባ ሁለት እጅ መዘርጋት ታስተምራለች፤ አቶ ቶሎም ከኋላ ቆሟል። ደስ ብሎኝ እጄን አንስቼ ሰላም አልኳት።

ከላይ የብረት እስር የያዘው ክሬን ቀጥ አለ።

«ጋሼ!» ብላ ጮኸች። «እርስዎም? እዚህ ሰላምታ በአፍ ነው!»

ሠራተኛው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። እኔም እጄን አውርጄ፣ ያ ሁሉ ብረት ለአንድ ሽማግሌ ሰላምታ አየር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ አየሁና አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።