የሃሮልድ ልጆች ያስቀኑኝ ቀን

ባለፈው ኅዳር ነው። በለቅሶ ላይ ተቀምጦ ይቀናል እንዴ ትሉኝ ይሆናል። እኔ ቀንቻለሁ፤ ያውም ክፉኛ። እስካሁን ከውስጤ ስላልወጣ ነው የምጽፈው።

ሟቹ ሃሮልድ ይባላል። እዚህ ውጭ አገር፣ ዌስተን በሚባል ሰፈር እኛ የምንኖርበት ሕንፃ ላይ ጎረቤታችን ነበር፤ ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች ፓስተር ሆኖ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው። በስሜ ጥሩኝ ስላለን አንተ እንለው ነበር።

አባቴም ጡረታ የወጡ ፓስተር ናቸው፤ እሳቸውን ግን አንቱ ነው የምለው። እናቴ ካረፈች በኋላ ስፖንሰር አድርጌ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ልጅ ሳለሁ የሰው ሁሉ አባት ነበሩ። የታመመ ይጠይቃሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ ለኮንፈረንስ ክፍለ ሀገር ይሄዳሉ። ዩኒቨርሲቲ የተመረቅኩ ቀን እንኳ የሰው ልጅ እየዳሩ ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባል የለ? መዳቡ እኔ ነበርኩ። እዚህ መጥተውም ወይ ይሰብኩኛል፣ ወይ በስልክ ለሰው ይጸልያሉ።

ከሃሮልድ ጋር ግን ሌላ ሰው ናቸው። እሳቸው እንግሊዝኛ አያውቁ፣ እሱ አማርኛ አያውቅ። አንድ ማክሰኞ ከሥራ ቀደም ብዬ ገብቼ ምድር ቤት ላውንደሪ ብወርድ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሃሮልድ ልብስ ሲታጠብ ያያሉ። አንድ ቃል አይነጋገሩም። አባቴ ፊታቸው ፍክት ብሏል። ከእኔ ጋር አምስት ደቂቃ እንዲህ ቁጭ ብለው አያውቁም። ንድድ አለኝ፤ ሰላም ሳልላቸው ተመለስኩ።

ሃሮልድ ሲሞት ልጁ ማርጋሬት አባቴን ይዤ እንድመጣ ለመነችኝ። ከሥራ ኦፍ ጠይቄ አስተርጓሚ ሆኜ ሄድኩ።

የእነሱ ጸሎት ቤት ስንገባ መድረክ የለም፣ መዘምራን የሉም፣ የሕይወት ታሪክ የሚያነብ ሰው የለም። ወንበሮቹ ፊት ለፊት ተደርድረዋል፣ ሰው ሁሉ ዝም ብሏል። አምስት ደቂቃ አለፈ፣ አሥር ደቂቃ አለፈ። መሪው የቀረ መሰለኝ። እኛ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ሲሆን አንዱ ሮጦ ማይክ ይይዛል። ጭንቅ ሲለኝ ወደ ማርጋሬት ሄጄ፣ ሰውዬው ከዘገየ አባቴ ፓስተር ስለሆኑ ፕሮግራሙን መምራት ይችላሉ ብዬ በጆሮዋ ነገርኳት። ፈገግ አለች። የእኛ ሥርዓት እንዲህ ነው፣ ዝም ብለን እንቀመጣለን፣ ልቡ የተነሳሳ ብቻ ተነስቶ ይናገራል አለችኝ። አፍሬ ቦታዬ ተመለስኩ።

ቆይቶ ልጆቹ እየተነሱ መናገር ጀመሩ። ትልቁ ልጅ፣ አባቱ ቅዳሜን ለማንም ሰጥቶ እንደማያውቅ ተናገረ። ምእመን ቢደውልለት እንኳ ቅዳሜ የልጆቼ ነው ይል ነበር አለ። ማርጋሬት ዋና ያስተማራት፣ ስትወድቅም ስታልፍም ትምህርት ቤት በር ላይ የሚጠብቃት እሱ እንደነበረ ተናገረች። እኔ በሹክሹክታ ለአባቴ እተረጉማለሁ፣ ውስጤ በቅናት ይጨሳል። የቅዳሜውን ነገር ሆን ብዬ ሁለቴ ተረጎምኩላቸው።

ጥቂት ቆይተው አባቴ ተነስተው ቆሙ። ሊሰብኩ ነው፣ ጉዳችን ፈላ አልኩ። አባቴ ከጀመሩ በአንድ ሰዓት አያበቁም። እኔም አጠገባቸው ቆምኩ።

"ሃሮልድ ወዳጄ ነበር" አሉ። ተረጎምኩ።

"ዕድሜዬን ሙሉ ስናገር የኖርኩ ሰው ነኝ። ከእሱ ጋር ዝም ብዬ ስቀመጥ ነው ጥፋቴ የታየኝ።" ይህንንም ተረጎምኩ።

ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ "የሰው ልጅ ስመክር ይሄ ልጄ ሳላየው አደገ። በድዬዋለሁ። ይቅርታ ልጠይቀው እየፈራሁ ነው እዚህ የደረስኩት" አሉና ተቀመጡ።

ሰው ሁሉ እኔን ያያል። ማርጋሬት በዓይኗ ምን አሉ ትለኛለች። እነዚህ ልጆች ስንት ቅዳሜ አላቸው፤ ይቺን ቃል ግን አልሰጣቸውም አልኩ በልቤ።

"አመሰግናለሁ ነው የሚሉት" አልኩና ቁጭ አልኩ።

ባስ ውስጥ አባቴ፣ ያ ሁሉ ነገር በአንድ ቃል አለቀ ወይ ብለው ጠየቁኝ። እንግሊዝኛ አጭር ነው አልኳቸው። ትንሽ ሲያዩኝ ቆዩና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ዓይኔን ግን እንባ ሞልቶት ነበር።

ውሸት ምን ያደርጋል፣ በሃሮልድ ልጆች ዛሬም እቀናለሁ። አባቴም ያው ናቸው፣ ትናንት ራት ላይ ሲሰብኩኝ ነው ያመሹት። ያቺን ቃላቸውን ግን እስከ ዛሬ ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳትም። አሁን ለእናንተ ስጽፋትም ቅር እያለኝ ነው።