እትዬ ካውያ ያዋሰችው ደብተር

ሸሚዝ ሲተኮስ ማየት ደስ ይላል ብል ትስቁብኝ ይሆናል፤ እሷን ስላላያችኋት ነው። በላውንደሪያችን እኔ ልብስ ተቀባይ ነኝ፣ እሷ ተኳሽ። ስሟን ትተን «እትዬ ካውያ» እንላታለን። እንፋሎቱ ፊቷን እየጠበሳት እንኳ ቀልዷ አይቋረጥም። አንድ ጎረምሳ የሱሪዬ እጥፋት እንደ ምላጭ ይሁንልኝ ቢላት፣ «እግርህን ከቆረጠህ እኔን እንዳትከስ» አለችው።

ካገባች አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ልጅ አልነበራትም።

ድርጅቱ ለቋሚ ሠራተኛ የጤና መድን ይገባል። ታናሽ እህቷ ግን የቀን ሠራተኛ ስለሆነች መድን የላትም። ያረገዘች ጊዜ ክትትል የምትጀምርበት ቢጠፋት፣ እትዬ ካውያ የመድን ደብተሯን አውጥታ ሰጠቻት። መልካቸው ቁርጥ አንድ ነው፤ እናታቸው እንኳ ከኋላ ሲያዩዋቸው ይሳሳታሉ።

«በእኔ ስም ሲጠሩሽ አቤት በይ» አለቻት።

«እትዬ፣ ያንቺ ቀን ሲመጣስ?»

«አንቺ ደግሞ። እኔ እዚያ ማዋለጃ ክፍል ምን ልሠራ እገባለሁ?»

ሁላችንም ሳቅን። እኔም አብሬ ስቄያለሁ፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እህቷ በኦፕራሲዮን ወንድ ልጅ ተገላገለች። ከዚያ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ እትዬ ካውያን እንፋሎቱ ያጥወለውላት ጀመር። ከተሰቀሉት ካፖርቶች ጀርባ ጎትታ ወሰደችኝና «ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ። ፊቷ ግን ራሱ ይናገር ነበር።

«ታዲያ ክትትል ጀምሪያ።»

«በየትኛው ደብተር? ፋይሌ በቅርቡ በኦፕራሲዮን ወልዳለች ይላል። ጠባሳሽ የታለ ቢሉኝስ?»

«እውነቱን ንገሪያቸው።»

«አራስ እህቴን ላስከስስ?»

አንዴ የግል ክሊኒክ ሄደች። የአንድ ቀን ምርመራ ደሞዟን ጠርጎ ስለወሰደው ሁለተኛ አልተመለሰችም።

በሰባተኛው ወር እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ አላት። ራሷን ያማታል። «ከእንፋሎቱ ነው» ስትል እኛም ከእንፋሎቱ ነው አልን። አንድ ማክሰኞ ካውያውን አቁማ፣ «ዓይኔን ጭጋግ ሸፈነው» ብላ አንሶላ ክምር ላይ ተቀመጠች። በታክሲ ይዘናት እህቷ ወደ ወለደችበት ሆስፒታል በረርን።

አዋላጇ ግፊቷን ለክታ ፋይሉን ገለጠች። ሆዷን አየች፣ ፋይሉን አየች።

«ይኼ ፋይል የማን ነው?»

«ሲስተር፣ ደብተሩ የእኔ ነው። የወለደችው እህቴ ናት።»

አዋላጇ ብትቆጣ ይሻለን ነበር። «ለዚህ ብለሽ ነው የቀረሽው?» አለች ቀስ ብላ። «በአራተኛው ወር መጥተሽ ይኼንኑ ብትነግሪኝ፣ ተቆጥቼሽ ተቆጥቼሽ ሌላ ፋይል አወጣልሽ ነበር።»

ከዚያ ማዳመጫውን ሆዷ ላይ አደረገች። ትንሽ ወደ ግራ ወሰደችው። ወደ ታች አወረደችው። መልሳ ወደ ግራ ወሰደችው። እትዬ ካውያ ጣሪያውን እያየች ትጠብቃለች፤ እኔ የአዋላጇን ፊት እያየሁ።

እሷ ተረፈች። ልጇ ግን ሞቶ ተወለደ። ሴት ነበረች።

በማግስቱ እህቷ ልጇን አቅፋ መጣች። ከክፍሉ በር ላይ ደርሳ ለመግባትም ለመመለስም አቅም አጥታ ቆመች። ሕፃኑ ይነጫነጫል።

«ግቢ እንጂ» አለቻት እትዬ ካውያ፤ «ልጁን ብርድ ይመታዋል።»

እህቷ ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እትዬ ካውያ ሕፃኑን ለረጅም ጊዜ አየችው። እጇን ግን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አላወጣችም።