ዝም ያሰኘሁት ሞተር

ወልድያ ጋራዥ የገባሁበት የመጀመሪያ ቀን መፍቻ አላስነኩኝም። ዋናው መካኒክ ጋሽ ይማም መዳፌን አስዘርግተው ከሁለት ጠርሙስ ተራ በተራ ቤንዚን ጠብ አደረጉልኝ። የመጀመሪያው እጄን አቀዝቅዞ ወዲያው ተነነ። ሁለተኛው ቅባት ትቶ ቀረ።

“ይኸኛው ላምባ ተቀላቅሎበታል” አሉ። “መካኒክ ሞተር ከመክፈቱ በፊት ሞተሩ የጠጣውን ይወቅ።”

የጭነት መኪና ረዳትነቴን ትቼ የመጣሁ ጎልማሳ ነበርኩና ነገሩ ንቀት መሰለኝ። ሞተር ሊያሳዩኝ ሲገባ በቤንዚን እጅ ያስታጥቡኛል ብዬ ቀኑን ሙሉ አኮረፍኩ።

ኦክቴንን ያስረዱኝም እሳቸው ናቸው። ቤንዚን ሲሊንደር ውስጥ ሲጨመቅ ካንዴላው እሳት እስኪሰጠው መታገሥ አለበት። የዚህ ትዕግሥት መለኪያ የሆነው ኦክቴን ለሞተሩ ካነሰው ሳይታዘዝ ይነድና ፒስተኑን ይመታዋል። ዳገት ላይ የምንሰማው ማንኳኳት ያ ነው። ላምባ የገባበት ቤንዚን ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር የለውም።

እኛ ዘንድ ማደያ ገብቶ ባለ ስንት ኦክቴን ልቅዳ ብሎ ማማረጥ የለም። ቤንዚን አለ ወይም የለም ነው። ሲጠፋ መንገድ ዳር በጀሪካን ይሸጣል፤ ውስጡ ምን እንዳለ ሻጩና ፈጣሪ ያውቃሉ። አዲስ መኪና የቤንዚኑን ክፋት በኮምፒዩተሩ አይቶ ራሱን ያስተካክላል። አሮጌ መኪና ግን ከመካኒኩ በቀር ማንም የለውም።

በኋላ መርሳ ላይ የራሴን ጋራዥ ከፈትኩ። ከደንበኞቼ አንዱ ጋሽ ሰይድ ነበሩ፤ ማንጎና ብርቱካን የሚያለሙ የሀብሩ ገበሬ። የፈረንሳይ ሥሪት የሆነች አሮጌ የቤት መኪና አለቻቸው። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ካንሰር ታመው በየሦስት ሳምንቱ ደሴ ይታከሙ ነበር። ወገባቸው ስለማያስቀምጣቸው ሚኒባስ አይሆንላቸውም። የሚመላለሱት በዚያች መኪና የኋላ ወንበር ላይ ተኝተው ነው።

ማደያዎች ደርቀው በከረሙበት ሰሞን፣ አንድ ረቡዕ ጋሽ ሰይድ መጡ። መኪናዋ ታንኳኳለች።

“ካሳዬ፣ ነገ ቀጠሮ አለን። ይኸን ድምፅ ዝም አሰኝልኝማ። ዘይነባ በሰማችው ቁጥር ትሳቀቃለች።”

ከታንኩ ቀድቼ እጄ ላይ አፈሰስኩ። ቅባት ብቻ ነው።

“ከየት ነው የቀዱት ጋሽ ሰይድ?”

“ከውርጌሳ፣ ከጀሪካን ነዋ! ማደያው ያለው ወረፋ ብቻ ነው።”

ጋራዤ ጥግ፣ ከአሮጌ ጎማዎች ኋላ፣ ከማደያ ተሰልፌ የቀዳሁት ሃያ ሊትር ንጹሕ ቤንዚን ነበረኝ። ለሞተር ብስክሌቴ ያስቀመጥኩት ነው። ወደዚያ ዞር ብዬ አየሁ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱም እንዲሉ፣ ነገ እኔስ ከየት አገኛለሁ አልኩና ዝም አልኩ።

ከዚያ የማውቀውን ዘዴ ሠራሁ። ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢውተር አላልቼ ጥቂት አዞርኩት፤ እሳቱ ዘግይቶ እንዲመታ ማለት ነው። ማንኳኳቱ ጠፋ። እንዲህ የተደረገ ሞተር ጉልበቱ እንደሚቀንስ፣ ዳገት ላይም እንደሚግል አውቃለሁ። ለጋሽ ሰይድ ግን “ቀስ ብለው ይንዱ” ከማለት ሌላ ትንፍሽ አላልኩም።

“አላህ ይስጥህ! ጸጥ አለች እኮ” ብለው መረቁኝ። ምርቃቱን ተቀበልኩ። ይህን ሳስታውስ ዛሬም አፍራለሁ።

በማግስቱ የውጫሌን ዳገት ሲወጡ ሞተሩ ፈላ፤ የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ተሰነጠቀ። እትዬ ዘይነባ መንገድ ዳር በተነጠፈ ጋቢ ላይ ተኝተው ዋሉ። ከሰዓት አንድ የጭነት መኪና ወደ መርሳ መለሳቸው እንጂ ደሴ አልደረሱም።

ቴስታታ ከወልድያ እስከ አዲስ አበባ አፈላለግኩ። ለዚያች መኪና የሚሆን አልተገኘም። ኮንትራት የሚሄዱትም በቤንዚን እጦት ቆመዋል። እትዬ ዘይነባ እንደምንም ሚኒባስ ሞከሩ፤ ውርጌሳ ላይ ሕመሙ ጠንቶባቸው አውርዱኝ አሉ። ከዚያ ወዲያ “እንግዲህ አላህ ያውቃል” ብለው ቤታቸው ተኙ። ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ።

ለቅሶ ሄድኩ። ሰው ሳሳ ሲል ከጋሽ ሰይድ ጎን ተቀመጥኩ። መናገሩ ከበደኝ፤ አለመናገሩ ግን ባሰብኝ።

“ጋሽ ሰይድ፣ ያን ረቡዕ ንጹሕ ቤንዚን ነበረኝ። ለደሴ ደርሶ መልስ ይበቃ ነበር።”



“አጀሏ ነው፤ ቀኗ ደርሶ ነው። አንተ አልገደልካትም” አሉኝ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ “ብትነግረኝ ግን እለምንህ ነበር” አሉ።

ለወጣት መካኒኮች የምለው ይኸው ነው። አሮጌ ሞተር ሲያንኳኳ መጀመሪያ ቤንዚኑን ለውጡ። ድምፁን ማጥፋት ጥገና አይደለም። ምን እንዳደረጋችሁለትና ምን እንዳስቀራችሁበትም ለባለመኪናው ንገሩት።