ድሬሰር ባዘዘው ሳይጠይቅ የቀረው

ባዘዘው የዐሥራ ሦስት ዓመት የቆሎ ተማሪ ሳለ ዲማ ላይ ተስቦ ገባ። ጣሊያን ከወጣ ስድስተኛው ዓመት ነበር። በአንዲት ጎጆ ከሚያድሩት አራት ተማሪዎች መጀመሪያ ሁለቱ ወደቁ፤ በሳምንቱ ባዘዘውና አንድ የጉንደ ወይን ልጅ ተከተሉ። በሽታው እንዳይዛመት በሩ በእሾህ ተዘጋ። ምግብ በረጅም እንጨት ጫፍ ተንጠልጥሎ ከላይ ይገባላቸው ነበር። ሦስቱ ሞቱ። «የጉንደ ወይኑ ልጅ ሲሞት ሞተ ብዬ ለመጣራት ድምፅ አጣሁ» ይል ነበር ባዘዘው። ሁለት ቀን ከሬሳ ጋር ተኛ። ቀባሪዎች እሾሁን አንሥተው ሲገቡ አራት ጉድጓድ አስቆፍረው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ወደ ትምህርቱ አልተመለሰም። ደብረ ማርቆስ ሄዶ ሆስፒታል ወለል ጠራጊ ሆነ። ቀጥሎ መርፌ ቀቃይ፣ ቁስል አጣቢ፣ በመጨረሻም ተምሮ ድሬሰር ሆነና ይጁቤ ክሊኒክ ተመደበ። ያን ጊዜ በእኛ አገር ሐኪም የለም፤ የሚመረምረውም፣ መድኃኒት የሚሰጠውም ድሬሰሩ ነው።

እኔ ያወቅሁት በ1962 ዓ.ም. በሁዳዴ ነው። ባለቤቴ አልጣሽ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ይህኛው እንዲቆይላት ለእመቤታችን ተሳለች፤ ሁዳዴን ሙሉ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይደርስ ጠብታ ውኃ ላትቀምስ።

በአራተኛው ሳምንት ሽንቷን ያቃጥላት ጀመር። አሥር ጊዜ ትወጣለች፤ ጠብታ ሸንታ ጥርሷን ነክሳ ትመለሳለች። እናቴ «ፀሐይ የመታው ድንጋይ ላይ ሸንታ ነው» አለች። ጎረቤት ግን ሌላ ነገር አለ። በእኛ አገር ሽንት አቃጠለ ከተባለ ስሙ ጨብጥ ነው፤ ጨብጥ ከተባለ ደግሞ ከማን የሚል ይከተላል። ስጽፈው ያሳፍረኛል፤ እኔም ጠየቅኋት።

«ከየት አመጣሽው?»

«ካንተ ቤት ሌላ የት ደርሼ አውቃለሁ?» አለችኝ።

ሰው እንዳይሰማ ብዬ ክሊኒኩን ትቼ በገበያ ቀን መርፌ ወደሚወጋው ወደ ካሴ ወሰድኋት። ካሴ የቀድሞ ወታደር ነው። አንድ ፔኒሲሊን ወጋትና «ጨብጥ ከዚህ አያልፍም» አለኝ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ አንቀጠቀጣት፤ ሽንጧን ይዛ ታስመልስ ጀመር። ያን ጊዜ ፈራሁ። በቃሬዛ ተሸክመን ይጁቤ ክሊኒክ አደረስናት።

«መርፌ ይውጉልኝ» አልኩት ድሬሰር ባዘዘውን ገና ከበሩ።

«ከዚህ በፊት ምን ተወግታለች?»

«ፔኒሲሊን።»

«ማን ወጋት?»

ጋቢዬን አስተካከልሁ።

«ካሴ ነው። ለእሱ ራስ ምታትም ሆነ የእግር ውልቃት መርፌው ያው ነው» አለና ሁላችንንም እንድንወጣ አዘዘ። እናቴ እንቢ አለች።

«እኔ እናቷ ነኝ።»

«አማቷ ነዎት፣ እማማ። ለአማት የማይነገር ነገር ልጠይቃት ነው።»

ብቻዋን ጠየቃት። ሽንጧን በጡጫው ቀስ ብሎ ሲመታት ጩኸቷ ውጭ ድረስ ተሰማ። ታጥባ፣ የመጀመሪያውን አፍስሳ የመካከለኛውን ሽንት በተቀቀለ ብርጭቆ እንድትይዝ አደረገ። የሰው ሽንት በባዕድ እጅ መግባቱ፣ መተት ይሠራበት እንደሆነ፣ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ሆነብኝ። እሱ ግን በመስኮቱ ብርሃን በማይክሮስኮፕ አየውና ጠራኝ።

«ና፣ አንተም እይ።»

ክብ ክብ ነገር ሞልቷል፤ በመካከሉ እንደ ብጣሽ ክር ያሉ ነገሮች ይንቀሳቀሳሉ።

«ክቦቹ መግል ናቸው። የሚንቀሳቀሱት በሽታው ናቸው። ይህ ጨብጥ አይደለም። ከገዛ አንጀቷ ወደ ፊኛዋ የተሻገረ ነው፤ ነፍሰ ጡር ላይ ይበረታል። አሁን ኩላሊቷ ደርሷል።»

«ከማንም አልመጣም?»

«ከማንም።»

ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ሰልፋ የሚባል ክኒን ሰጣት፤ ሁለት ሁለት፣ በቀን አራት ጊዜ፣ በብዙ ውኃ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ቢተው የሚባል ጎረቤቴ ነበር፤ ክኒኑን ሲያይ ጎመጀ።

«ለእኔስ ጥርስ ሁለት ብትጥልልኝ?»

«ጥርስህን ልነቅለው እችላለሁ። ሰልፋ ግን አልሰጥህም።»

ይዘናት ወደ ቤት ተመለስን፤ ትኩሳቱ በረድ አለ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግን የሸናችው አንድ ማንኪያ አይሞላም፤ ቀለሙ ደም ነው። ስድስት ሰዓት ሲሆን ጨርሶ ቆመ። ወገቧ ሊቀደድ ደረሰ። ይጁቤ ድረስ ሮጥሁ። ባዘዘው በሽተኞቹን ትቶ በቅሎ ላይ ወጣ፤ እኔም ከኋላው ሮጥሁ።

ገብቶ አጠገቧ ተንበረከከ።

«ክኒኑን በስንት ብርጭቆ ውኃ ነው የምትውጪው?»

«ጠዋት በምራቄ ነው ጌታዬ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ትንሽ እጠጣለሁ።»

ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ።

«ይህ መድኃኒት ውኃ ካላገኘ ኩላሊት ውስጥ እንደ አሸዋ ይረጋል» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ውኃ ጠጪ አልኳት፤ ትጾም እንደሆነ አልጠየቅኳትም። እኔው ራሴ እየጾምኩ!»

ውኃ ቀድቶ አቀረበላት። ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም፤ አፏን ገጠመች።

«ስእለቴ ነው። ብሽረው እመቤቴ ይህንንም ትወስድብኛለች።»

ለመናት፣ ተቆጣት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እኔ ደግሞ ወደ ንስሐ አባታችን ወደ ቄስ እንዳላማው በረርሁ። ለቅዳሴ ሊገቡ ሲሉ ደረስሁባቸው፤ ነገሩን ሲሰሙ ሌላ ቄስ ተክተው ተከተሉኝ።

«አልጣሽ፣ የተሳልሽው ልጁ እንዲኖር አይደለም?»

«አዎ አባቴ።»

«እናቱ ሞታ እንዴት ይኖራል? ከስእለትሽ ፈትቼሻለሁ። የቀረውን እኔ እጾምልሻለሁ።»

«እርስዎማ ድሮም ይጾማሉ።»

በዚያ ሁሉ ጭንቅ ቢተው ከደጅ ሲስቅ ሰማሁት።

«ለራሴ የምጾመውን ለአንቺ አደርገዋለሁ» አሉ ቄሱ። «ለእኔ ኃጢአት ሌላ ጾም ይገኛል። ጠጪ!»

ጠጣች። ባዘዘው ሰልፋውን ከራስጌዋ አንሥቶ ኪሱ ከተተ፤ የረጋውን እንዲያሟሟ የሶዳ ዱቄት በውኃ በጥብጦ ደጋግሞ ሰጣት። ከእናቴ በቀር እኛን ወደ ውጭ አስወጣን። ግድግዳውን ተደግፌ አዳመጥሁ። ውኃ ሲቀዳ ይሰማል፤ «ጨምሪ» ይላል፤ እሷ ታቃስታለች። ልጁ ከሄደ እሷም እንደማትተርፍልኝ አውቄዋለሁ። ከየት አመጣሽው ያልኳት ነገር መጨረሻ ቃላችን ሊሆን ነው አልኩ በልቤ። ቄስ እንዳላማው ዳዊት እየደገሙ አንዱን መዝሙር ሦስት ጊዜ መለሱት፤ ማንም አላረማቸውም።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ እናቴ ብርጭቆ ይዛ ወጣች። ሁለት ጣት ያህል ሽንት ነው። እንዳይፈስ በሁለት እጇ ይዛዋለች። ባዘዘው ተከትሏት ወጣና ተቀብሎ ወደ ፀሐይዋ አነሣው።

«ቀይ ነው» አለ። «ግን መጣ።»

ከዚያ ሌላ ውኃ ሊቀዳላት ተመልሶ ገባ።

በማግሥቱ ሽንቷ ጠራ። ከደብረ ማርቆስ በጭነት መኪና ሌላ ዓይነት ክኒን አስመጣላት። በስድስተኛው ቀን «ድኛለሁ፣ ይበቃኛል» ስትል እቤታችን ድረስ መጥቶ የቀረውን ክኒን ቆጠረ፤ እስከ መጨረሻው አስጨረሳት። ከዚያም ሽንቷን እንደገና መረመረ። ሐምሌ ላይ የኔዓለም ተወለደች።

ከዚያ ወዲያ ባዘዘው ክኒን ከመስጠቱ በፊት ሰውን ሁሉ ይጠይቅ ጀመር፤ ትጾማለህ ወይ፣ ስንት ሰዓት ትቀምሳለህ፣ ነፍሰ ጡር ነሽ ወይ፣ ማን ወጋሽ? ሰልፉ ረዘመ። የይጁቤ ሰው «ድሬሰር እንደ ንስሐ አባት ማናዘዝ ጀመረ» እያለ ቀለደበት። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ግን አልተወውም።

ባለፈው ዓመት ታሞ ልጠይቀው ሄጄ፣ ከሥራህ ሁሉ ትልቁ የቱ ነው አልኩት። እንዲህ አለኝ፤

«ሰው መድኃኒት ያውቃል ይለኛል። አልጣሽን ልገድላት የነበረ ዕለትም መድኃኒቱን አውቀው ነበር፤ በሽታውንም በዓይኔ አይቼዋለሁ። ያላየሁት እሷን ነው። በልክ የሰጠሁት ክኒን ምን ቤት እንደሚገባ ካልጠየቅሁ በልክ አልሰጠሁም። ከዚያ በኋላ ክኒን በሰጠሁ ቁጥር እፈራ ነበር፣ አድማሴ። ሃያ ዓመት ፈራሁ። ከሥራዬ ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው።»