አቶ ወዳጆና የኤሊዋ አሸዋ

ዘመሮ አጠገብ የሚኖሩት አቶ ወዳጆ የማያውቁት ነገር የለም፤ ያላወቁት ካለም ገና አልተፈጠረም። ሙክታቸው ከወረዳው አንደኛ ወጥቶ «ሞዴል አርሶ አደር» የሚል ወረቀት ካስገኘላቸው ወዲህ ደግሞ ባሰባቸው። ወረቀቱን ከሚካኤል ሥዕል ጎን ሰቀሉት፤ ትንሽ ከፍ አድርገው።

በ1998 ክረምት፣ ዓለም ከተማ የምታስተምረው ልጃቸው ትሕትና ለክረምት ትምህርት ስትሄድ ኤሊዋን ከነሳጥኗ ትታላቸው ሄደች። ከጀማ ቆላ አግኝታ አራት ዓመት ያሳደገቻት ኤሊ ናት። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ አሸዋም አምጥታለች።

«አባባ፣ ከሥሯ ይሄን ብቻ ያንጥፉላት። የታጠበ የወንዝ አሸዋ ነው፤ አቧራ የለው፣ ጨው የለው። ሌላ አደራ የለኝም።»

«እኔን ነው ከብት አያያዝ የምታስተምሪኝ?» አሉ።

ልጅቱ መኪና እንደያዘች አሸዋውን ዘገን አድርገው አዩት። «ምን ፍሬ አለው ይሄ?» ብለው በር ላይ ያለው ጭቃ ላይ ደፉት። ከዚያ በጎቻቸው የሚልሱትን ጨዋማ አፈር፣ ቦሌውን፣ ወቅጠው ሳጥኑን ሞሉት። ሙክት አንደኛ ያወጣ ቦሌ ኤሊ ያቅተዋል?

ኤሊዋም ስትልስ ዋለች። አቶ ወዳጆ ጎረቤት እየጠሩ አሳዩ።

«ኧረ አንቱ፣ አፈር እየበላች እኮ ነው» አለች ሚስታቸው አዛለች።

«እየወፈረች ነው። ከብት አታውቂም፣ ዝም በይ።»

በሳምንቱ ኤሊዋ መብላት አቆመች፤ ኩሷም ቆመ። አንገቷንም ከቅርፊቷ አላወጣም አለች።

«ፍልሰታ ገብቷል፤ ጾም ይዛ ነው» አሉ አቶ ወዳጆ።

«ቄሱ እንኳ ከቅዳሴ በኋላ ይቀምሳሉ። ብትሞት ለትሕትና ወረቀቱን ያሳዩዋታል?» አለች አዛለች።

ያን ጊዜ ደነገጡ። ሦስት ቀን ጠዋት ማታ ኤሊዋን ለብ ያለ ውሃ ሳፋ ውስጥ አስቀምጠው ለመኗት። ሞዴል አርሶ አደር የኤሊ ኩስ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ያየ ሰው ብዙ አይገኝም። ቀን ቀን ደግሞ በራቸው ላይ ተንበርክከው አሸዋውን ከጭቃው እየለቀሙ በዱቄት ወንፊት አጠቡ።

«ወርቅ ወጣ እንዴ፣ ጋሼ ወዳጆ?» ይላል አላፊ አግዳሚው።

በሦስተኛው ቀን ድንጋይ የመሰለ ቦሌ ወጣላት። ባጠቡት አሸዋ ላይ ሲያስተኟት ጎመን ገመጠችላቸው። አቶ ወዳጆ ፊታቸውን አዙረው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ጭስ ነው አሉ፤ እሳት ግን አልነደደም።

ትሕትና በመስከረም መጥታ አሸዋውን ዘገነች። «ከኔው የበለጠ ንጹሕ ሆኗል፤ እንዴት አደረጉት?»

«አሸዋ የማያውቅ ሰው ነው ልጄ ኤሊ የሚገድል። ቦሌ የሚያነጥፍ ደደብም አይጠፋም» አሉ።

አዛለች ተነስታ አሸዋው የቀዳደደውን የዱቄት ወንፊት ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

«ዱቄቱን በምን እንደምነፋ ደግሞ ያሰልጥኑኛ።»