የአየርላንድ መናፍስትና የባለቤቴ የፈላ ውሃ

ባለፈው ቅዳሜ... የልጅ ልጄ ሳሮን ከሳን ሆዜ መጣች። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ይህን የኦክላንድ ቤቴን የምታንኳኳ እሷ ብቻ ናት።

ሶፋው ላይ ተጋድማ ወፍራም መጽሐፍ ታነባለች። ሽፋኑ ላይ ክንፍ ያለው ጎረምሳ ደረቱን ገልጦ አንዲት ልጅ አቅፏል። ፊደል ብዙ አልገፋሁም፣ ሥዕል ግን አነባለሁ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ላቭ ስቶሪ ነው አባባ። ፌሪ ናቸው... እንደ መንፈስ። አይሪሾች ድሮ ሪል ናቸው ብለው ያምኑ ነበር።»

«መንፈስ ክንፍ አውጥቶ ሴት ሲስም የት ታይቷል! የሟች ፎቶ ባለበት ቤት ይሄ አይነበብም። አውጪው!»

«እሱ ከወጣ እኔም እወጣለሁ» ብላ ቦርሳዋን አነሳች። ግትርነቷ ከማን እንደመጣ አውቃለሁ።

በሩ ላይ ስትደርስ ግን እጀታውን ቀድሜ ያዝኩ።

«ቆይ! ታች ፎቅ ያለው ሽማግሌ ጎረቤቴ አየርላንድ ነው የተወለደው። እሱ እውነት ነው ካለ መጽሐፍሽ ይቀመጣል።»

መጽሐፉን ይዘን ወረድን። ሚስተር ዶኖቫን እንደኔው ሚስቱን የቀበረ ሰው ነው። ሽፋኑን ከዓይኑ አርቆ አየና ሳቀ። «ይሄማ የፊልም አክተር ነው!» አለ። ረታሁ ብዬ ሳሮንን ገላመጥኳት።

ከዚያ ግን ሳቁን ተወ። ሳሮን ትተረጉምልኛለች። የነሱዎቹ ክንፍ የላቸውም፣ በስማቸውም አይጠሩም፤ እንዳይቆጡ «ደጎቹ ሰዎች» እየተባሉ ይባበላሉ አለ። እኛስ ስም አይጠሬ እንል የለ?

«እናቴ» አለ፣ «ሲመሽ ውሃ ደጅ ከመድፋቷ በፊት ‹ዞር በሉ፣ ውሃ ነው!› ትላቸው ነበር። እንዳይነካቸው።»

ሳሮን ይህን ተርጉማ ሳትጨርስ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«አባባ... እማማ!»

አዎ። ባለቤቴ እዚህ አገር ድረስ መጥታ እንኳ፣ «በስመአብ... ዞር በሉ» ሳትል የፈላ ውሃ ሲንክ ውስጥ ደፍታ አታውቅም። «ሲንኩ ውስጥ ማን አለ?» ስላት፣ «ካሉስ?» ትለኝ ነበር።

ወደ ቤት ተመለስን። ሳሮን መኮሮኒ ቀቀለች። ውሃውን ልትደፋ ድስቱን አንስታ ቆመች... ወደኔ አላየችም። በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ ቀስ ብላ...

«በስመአብ... ዞር በሉ።»

ባለቤቴን ከቀበርኩ ወዲህ ያ ቃል በቤቴ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ክንፍ የላቸውም ተብሏልና ክርክሩን ረትቻለሁ፣ መጽሐፉ ግን ሶፋው ላይ አድሯል... የጎረምሳውን ደረት በፎጣ ሸፍኜ።